መስቀሉ ሥር ያለው ሱቅ፦ ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ ግብር የሚወራውና እውነታው

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚያልፈው አስፋልት ዳር ካሉት ከተሞች በማናቸውም ቢወረድ አንድ ዓይነት ነገር ይታያል። የደብሩ ቅጥር ወደ መንገድ በሚዞርበት በኩል ግንቡን ተደግፈው የተሠሩ ሱቆች አሉ። አንዱ በርበሬና ቅመም ይመዝናል፣ ሌላው ሞባይል ይጠግናል፣ ሦስተኛው ነጠላና ጋቢ ሰቅሏል። ኪራዩን በየወሩ የሚቀበለው የሰበካ ጉባኤው ገንዘብ ያዥ ነው። ሐምሌ ገብቶ የግብር መክፈያው ሲደርስ ከመንገዱ ማዶ በራሱ ቤት የሚነግደው ሰው ማጉረምረም ይጀምራል። «እኔ ገቢዎች ስመላለስ እነሱ መስቀሉን ተከልለው ይነግዳሉ» ይላል። የሰበካ ጉባኤው ሽማግሌ በበኩላቸው «ለእግዚአብሔር በተሰጠ ላይ ደግሞ ማን ግብር ይጥላል?» ብለው ይመልሳሉ።

ክርክሩ የቆየ ነው፤ ቡና ላይም፣ ማኅበር ላይም፣ ለቅሶ ቤትም ይነሣል። የሚገርመው ሁለቱም ወገኖች የሚነሡት ከአንድ እምነት መሆኑ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ግብር የሚባል ነገር አይነካትም ብለው ያምናሉ። አንደኛው በዚህ ይቆጫል፣ ሁለተኛው ይኮራል። እምነቱ ራሱ ግን ሲመረመር ብዙ ቦታ ላይ አይቆምም።

«ቤተ ክርስቲያን ከማንኛውም ግብር ነፃ ናት»

የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በአንቀጽ 65 ከግብር ነፃ የሆኑ ገቢዎችን ይዘረዝራል። ከእነዚህ አንዱ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ገቢ ነው። ሕጉ ግን ይህን ብሎ አላበቃም፤ ድርጅቱ ከተቋቋመበት ዓላማ ጋር በቀጥታ ካልተያያዘ የንግድ ሥራ የሚያገኘውን ገቢ ከነፃነቱ አውጥቶታል። ደብሩም ሆነ መስጊዱ ነፃ ነኝ ሲል የሚደገፈው በዚህ አንቀጽ ነው። አንቀጹ ደግሞ የሚጠይቀው «ገንዘቡን ያገኘኸው ከምን ሥራ ነው?» ብሎ ነው፤ «ማን ነህ?» አይልም።

ወደ ደብሩ እናምጣው። ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ የተጣለው ብር፣ ለስለት የመጣው ጃንጥላና በሬ፣ የሰበካ ጉባኤ አባላት ዓመታዊ መዋጮ፣ በንግሥ ዕለት በአውደ ምሕረት የሚሰበሰበው ሁሉ ግብር የለበትም። ጧፍ፣ ዕጣንና የጸሎት መጽሐፍ የሚሸጠው የንዋየ ቅድሳት ክፍልም ከአምልኮው ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው ብሎ መከራከር ብዙ አያስቸግርም። ወፍጮው ላይ ሲደረስ ነው ነገሩ የሚከብደው። ደብሩ ወፍጮ ተክሎ የሰፈሩን በቆሎና ጤፍ በኪሎ እያስከፈለ ቢፈጭ፣ ትርፉ ለመቅደሱ ጣሪያ ቢውልም ሥራው ግን ከጎረቤቱ ባለ ወፍጮ ሥራ አይለይም። ሕጉ የሚያየው ገንዘቡ በምን እንደተገኘ ነው። ገንዘቡ በኋላ ለምን ዋለ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰበካ ጉባኤ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል፦ «ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ነው የምናውለው» የሚለው መልስ ለምእመኑ ይበቃ ይሆናል፣ ለግብር ሹሙ ግን አይበቃም።

የሱቁ ተከራይ ጉዳይ ደግሞ ጭራሽ አያከራክርም። በርበሬ የሚመዝነው ነጋዴ የንግድ ፈቃዱን ያወጣው በራሱ ስም ነው፤ የሚያተርፈውም ለራሱ ነው። ቤቱን ያከራየው ደብር በመሆኑ ብቻ አንድ ሳንቲም አይቀነስለትም። ማዶ ያለው ነጋዴ «እነሱ አይከፍሉም» ሲል ተከራዩን ማለቱ ከሆነ ተሳስቷል። ደብሩን ማለቱ ከሆነ ግን ጥያቄው ቁም ነገር አለው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ሰዎች ከቁጥር የማያስገቡት ሌላ ግብር አለ፤ ትልቁም እሱ ሳይሆን አይቀርም። በምዕራብ ጎጃም ገጠር የቀድሞው ሣር ክዳን ክብ ቤተ ክርስቲያን በብዙ ቦታ በብሎኬትና በቆርቆሮ እየተተካ ነው። ለዚህ ነው በየመንገዱ ዳር ጃንጥላ ዘቅዝቀው መኪና የሚያስቆሙ ወጣቶችና ካህናት የሚታዩት። በዚያ ጃንጥላ የተጠራቀመው ብር ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ካለው የግንባታ ዕቃ መደብር ሲደርስ በደረሰኙ ግርጌ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይጠብቀዋል። በ1994 ዓ.ም. ወጥቶ ለሁለት አሥርት ዓመታት የሠራው አዋጅ ቁጥር 285 የሃይማኖት ድርጅቶች የሚሰጡትን ሃይማኖታዊ አገልግሎት ከዚህ ታክስ ነፃ አድርጎ ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1341 ተተክቷል። ነፃ የተባለው ግን ደብሩ የሚሰጠው አገልግሎት ነው እንጂ ደብሩ የሚገዛው ሲሚንቶ አይደለም። ከታክስ በፊት 1 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ሲሚንቶ፣ ብረትና ቆርቆሮ የሚገዛ ሰበካ ጉባኤ 150,000 ብር ለመንግሥት ከፍሎ ነው ዕቃውን የሚጭነው። ነጋዴው ቢሆን በግዥ የከፈለውን ከሽያጩ ያቻችለዋል። ደብሩ ግን በታክሱ ያልተመዘገበ የመጨረሻ ተጠቃሚ ስለሆነ የሚያቻችልበት የለውም፤ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ጃንጥላው ውስጥ አሥር ብር የጣለ መንገደኛ ከዚያች ላይ ጥቂቷን ሳያውቀው ለገቢዎች ሰጥቷል።

«ቄስ ግብር አያውቅም»

ይህንን የሚል ሰው የገጠር ቄስ አያውቅም።

የገቢ ግብር አዋጁ ከመቀጠር በሚገኝ ገቢ ላይ ግብር ሲጥል ካህንን በስሙ አላወጣም። ደብሩ በደመወዝ የሚያስተዳድረው መሪጌታ፣ ቄስ፣ ጥበቃ ወይም ሒሳብ ሹም በሕጉ ፊት እንደማንኛውም ተቀጣሪ ነው። ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ለዓመታት 600 ብር ብቻ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 ወደ 2,000 ብር አሳድጎታል። ከዚያ በላይ በየእርከኑ እየጨመረ ሄዶ ከ14,000 ብር በላይ ባለው ላይ 35 በመቶ ይደርሳል። የአዲስ አበባ ታላላቅ አድባራት አገልጋዮች ይህ በቀጥታ ይመለከታቸዋል። በጃቢ ጠህናን ወይም በወምበርማ ገጠር የሚቀድስ ቄስ ግን ደመወዝ ቢኖረውም ትንሽ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚኖረው በእርሻው ነው።

እርሻው ላይ ደግሞ እንደ ጎረቤቱ ይገብራል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 97 የመሬት መጠቀሚያ ክፍያንና የገበሬዎችን ገቢ ግብር ለክልሎች ሰጥቷል፤ ክልሉም ይህን የሚሰበስበው በመሬቱ ስፋት መጠን ከባለይዞታው ነው። ጥምጣም ያሰረው ሰው ሌሊት ማኅሌት ቆሞ ጠዋት ቀበሌ ሄዶ ይሰለፋል። ደረሰኙን ሲቀበል አጥፎ ከመሬት ደብተሩ ጋር በላስቲክ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል። ይህ ደረሰኝ በጎጃም ገበሬ ዘንድ ከክፍያ ማስረጃነት ያለፈ ክብር አለው፤ የድንበር ክርክር ሲነሣ ሽምግልና ላይ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው። ጦርነት በአካባቢው ከገባ ወዲህ በብዙ ቀበሌ የግብር አሰባሰቡ እንደ ወትሮው አልሆነም፤ ሆኖም ያላቸውን የቆየ ደረሰኝ የጣሉ ገበሬዎች ብዙ ያሉ አይመስለኝም።

«ድሮ ቤተ ክርስቲያን የአገሩን ሲሶ መሬት ይዛ ምንም አትከፍልም ነበር»

«ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ» የሚለውን አባባል የማያውቅ የለም። በ1960ዎቹ የተማሪዎች ንቅናቄ ዘመን ለመከራከሪያ ውሎ ነበር፤ ዛሬም ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ ግብር ሲወራ እንደ ስታቲስቲክስ ይጠቀሳል። አባባሉ ግን የልኬት ውጤት አይደለም። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር በየጠቅላይ ግዛቱ ያካሄዳቸው የይዞታ ጥናቶች የቤተ ክርስቲያን ድርሻ ከቦታ ቦታ እጅግ እንደሚለያይ አሳይተዋል። የጎጃም ርስት ደግሞ በቀላድ አልተለካም፤ ሕዝቡ ልኬቱን አጥብቆ ይቃወም ስለነበር ሲሶው ይሁን ዐሥረኛው በልኬት የሚያረጋግጥ ሰው አልነበረም።

ከቁጥሩ የበለጠው ስሕተት «ይዛ» የሚለው ላይ ነው። በ1950ዎቹ በደጋ ዳሞት ተቀምጦ የርስትን ሥርዓት ያጠናው አሜሪካዊው አላን ሆበን ርስትንና ጉልትን በጥንቃቄ ለይቷቸዋል። ርስት በዘር ሐረግ የሚገኝ፣ ከአቅኚው አባት ተወልጄያለሁ የሚል ሁሉ የሚጠይቀው የመሬት መብት ነው፤ ባለቤቱም ገበሬው ነው። ጉልት ግን ከዚያው መሬት ላይ ግብር የመቀበልና ዳኝነት የማየት ሥልጣን ነው። አንድ ደብር ጉልት ነበረው ሲባል መሬቱን አርሶ ወይም አሳርሶ ይበላ ነበር ማለት አይደለም። ገበሬው ለባላባት ወይም ለመንግሥት ይሰጠው የነበረውን ለደብሩ ይሰጥ ነበር ማለት ነው። ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የተመደበ መሬት ያለው ሰው ደግሞ ዕዳው በጥሬ ገንዘብ ብቻ አልነበረም። የሚቀድሰው ይቀድሳል፣ የሚቆመው ማኅሌት ይቆማል፣ መገበሪያና ዘቢብ የሚያመጣው ያመጣል። አገልግሎቱን ያቋረጠ መሬቱን ሊያጣ ይችል ነበር።

ስለዚህ በዚያ ዘመን የነበረው ጥያቄ «ቤተ ክርስቲያን ግብር ትክፈል ወይስ አትክፈል» የሚል አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ከግብር ተቀባዮቹ አንዷ ነበረች። ገበሬው በሁለቱም መንገድ ከፍሏል። በኅዳር 1935 ዓ.ም. የወጣው የቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ድንጋጌም ይህንኑ ነው ያጸናው፤ ከቤተ ክርስቲያን መሬት የሚሰበሰበው ግብር ወደ ቤተ ክርስቲያኒቱ ማዕከላዊ ግምጃ ቤት እንዲገባ አደረገ። ለመንግሥት አልገባም ማለት ይቻላል። «አልተከፈለም» ማለት ግን የከፋዩን ገበሬ ላብ መካድ ነው።

መንግሥት በዚህ ሁሉ ዝም ብሎ ነበርም አይባልም። ቀደም ባለው ዘመን አፄ ቴዎድሮስ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃዋል ብለው የተረፈውን መሬት ለገባር ለመስጠት ተነሡ፤ ከጳጳሱ ከአቡነ ሰላማና ከካህናቱም ጋር የተጣሉት በዚህ ነው። በ1850ዎቹ መጀመሪያ መሬቱን ወሰዱ፤ ያም ከመንግሥታቸው መዳከም ምክንያቶች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል።

«ጎጃም በ1960 የሸፈተው ግብር ጠልቶ ነው»

የካህናቱ ወገንም የመንግሥቱ ወገንም ይህን ይላል፤ አንዱ ለውዳሴ፣ ሌላው ለወቀሳ። እውነቱ ከዚያ ይጠልቃል። ጎጃም ለዘመናት ሲገብር ኖሯል። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ መንግሥትም ከምርቱ ዐሥራት ይቀበል ነበር፤ ይህ ለቤተ ክርስቲያን ከሚሰጠው ዐሥራት የተለየ ነው። በ1960 ዓ.ም. ፓርላማው ዐሥራቱን አስቀርቶ በምትኩ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር የሚጥል አዋጅ ቁጥር 255 አወጣ። በወረቀት ላይ ሲታይ ከድሮው ይልቅ ፍትሐዊ ነበር፤ ብዙ ያመረተ ብዙ ይክፈል የሚል ነው።

የሞጣ፣ የቢቸናና የዳሞት ገበሬ የተነሣበት ግን ገማቾቹ በማሳው ላይ መታየታቸው ነው። ግብሩ በየሰው ስም ከተቆረጠ ርስቱ በዘር ሐረግ የጋራ መሆኑ ይቀራል፣ ቀላድ ይጣላል፣ ከዚያም መሬቱ ይሸጣል ብሎ ፈራ። በአባት ስም በጋራ ሲገበር የኖረ ግብር ወደ ግለሰብ ከዞረ መብቱም አብሮ እንደሚሄድ ያውቅ ነበር። ካህናትም ከገበሬው ጋር ቆሙ፤ ብዙዎቹ ራሳቸው ርስተኞች ነበሩና። መንግሥት ጦር ላከ፣ አውሮፕላንም ደበደበ። መጨረሻ ላይ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፣ ለዓመታት የተጠራቀመ ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ። የታሪክ ተመራማሪው ገብሩ ታረቀ በስፋት የጻፈበት ይህ አመፅ ዛሬም ትምህርት አለው። በዚህ አገር ሰው ግብርን የሚቃወመው ከገንዘቡ ብዛት ይልቅ ግብሩን ተከትሎ የሚመጣውን ነገር ስለሚፈራ ነው። ዛሬ ሰበካ ጉባኤዎች «ገቢዎች ደብተራችሁን ይይ» ሲባሉ የሚደነግጡት ድንጋጤ ከዚያ ብዙ የሚለይ አይመስለኝም፤ ዛሬ ከሱቁ ከጀመሩ ነገ ሙዳየ ምጽዋቱ ላይ ይመጣሉ የሚል ስጋት ነው።

ስጋቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ቤተ ክርስቲያን የእርሻ መሬቷንና ከመሬቱ ይመጣ የነበረውን ገቢ በአንድ ቀን አጣች። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። ከመወረሱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በ1965 ዓ.ም. በፓትርያርኩ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን የወጣው የቤተ ክርስቲያኒቱ መተዳደሪያ ደንብ ቃለ ዓዋዲ ባይኖር ኖሮ የገጠሩ ደብር በምን ይተዳደር እንደነበር እንጃ። ሰበካ ጉባኤን የፈጠረው፣ ምእመኑን አባል አድርጎ መዋጮ እንዲከፍል ያደረገው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ የቤተ ክርስቲያን ዋና የገቢ ምንጭ የምእመኑ ኪስ ሆነ። ግንቡን ተደግፈው የተሠሩት ሱቆችም የመጡት ከዚያ በኋላ፣ ከማጣት የተነሣ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ሱቆቹን ሲያይ ስግብግብነት ብቻ ይታየዋል።

በአጭሩ የሚመለሱ

«ለቤተ ክህነት የሚላከው ፈሰስ ግብር አይደለም እንዴ?» አይደለም። ደብሩ ከገቢው ለወረዳ ቤተ ክህነት፣ ለሀገረ ስብከትና ለመንበረ ፓትርያርክ የሚያስተላልፈው ድርሻ የቤተ ክርስቲያኒቱ የውስጥ አሠራር ነው። የመንግሥት ግምጃ ቤት አያየውም፤ የከፈለውም ደብር ከመንግሥት ግብር አይቀነስለትም።

«ለደብር የሰጠሁት ከግብሬ ይቀነሳል።» ይህን የሚሉት አሜሪካ ዘመድ ያላቸው ናቸው። እዚያ ያሉ የኛ አብያተ ክርስቲያናት በትርፍ አልባ ድርጅትነት ይመዘገባሉ፤ የሰጠ ምእመንም ደረሰኙን ይዞ ግብር ከሚከፈልበት ገቢው ሊያስቀንስ ይችላል። የኛ አዋጅ የሚቀንሰው ለኢትዮጵያ በጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት፣ ወይም ለመንግሥት ጥሪ የተሰጠውን ነው፤ እሱም ግብር ከሚከፈልበት ገቢ 10 በመቶ እስካልበለጠ ብቻ። ደብሩ ደግሞ በበጎ አድራጎት ድርጅትነት ወይም በማኅበርነት የተመዘገበ አይደለም። ለቡሬ ነጋዴ ስለት ስለት ነው፤ ሒሳብ ውስጥ አይገባም።

«ነፃነቱ ለኦርቶዶክስ የተሰጠ ነው።» የገቢ ግብር ሕጉ ሃይማኖት በስም አይጠራም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የሕግ ሰውነት ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሚመጣ ሲሆን፣ የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትና የወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ 1207 እና 1208 አግኝተዋል። በከተማ ቦታም ቢሆን የሊዝ አዋጁ ቁጥር 721/2004 ለማንኛውም ሃይማኖት የአምልኮ ቦታ ያለ ጨረታ በምደባ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። የመስጊዱ ግንብ ላይ የተሠራ ሱቅና የቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ላይ የተሠራ ሱቅ አንድ ጥያቄ ነው የሚጠየቁት።

«መጽሐፉም ጴጥሮስ ከዓሣው አፍ አውጥቶ ግብር ከፍሏል ይላል።» ይህን ሁለቱም ወገን ይጠቅሰዋል። ታሪኩ የሚናገረው ግን ለቤተ መቅደስ ስለሚከፈል ግብር ነው፤ የቄሣር ግብር ሌላ ምዕራፍ ነው። በስብከት ላይ ለሚያነሡት ወንድሞች ይህን ማስታወስ አይከፋም።

«ሠልጥኗል በሚባለው ዓለም ቤተ ክርስቲያን እንደ ድርጅት ትገብራለች።» አንድ ዓይነት መንገድ የለም። በጀርመን መንግሥት ራሱ ከቤተ ክርስቲያን አባላት የገቢ ግብር ላይ 8 ወይም 9 በመቶ ያህል ተጨማሪ ሰብስቦ ለቤተ ክርስቲያን ያስረክባል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1970 እ.ኤ.አ. የአምልኮ ቤቶች ከንብረት ግብር ነፃ መሆን ሕገ መንግሥቱን አይጻረርም ብሏል። በጣሊያን ደግሞ የሃይማኖት ተቋማት ለንግድ በሚጠቀሙባቸው ሕንፃዎች ላይ ሳይከፈል የቀረው ግብር ለረጅም ዓመታት አከራክሮ በ2018 እ.ኤ.አ. እስከ አውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደርሷል። ከሦስቱ ለኛ የሚቀርበው የጣሊያኑ ነው፤ ክርክሩ ስለ ሱቅ እንጂ ስለ መቅደስ አልነበረምና።

አሁን ወደ ሱቁ

ሕጉ እዚህ ላይ እንደሚባለው ግልጽ አይደለም። የንግድ ሥራ ገቢን ከነፃነቱ ሲያወጣ የቤት ኪራይን ደግሞ ከንግድ ለይቶ በሠንጠረዥ «ለ» ያስቀምጠዋል። ስለዚህ የደብሩ ጠበቃ «ኪራይ ንግድ አይደለም፤ የተከለከለውም የንግድ ገቢ ነው» ማለት ይችላል። የገቢዎች ሠራተኛ ደግሞ «ሱቅ ማከራየት ከምን ዓላማችሁ ጋር ይገናኛል?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ሁለቱም የሚይዙት አላቸው። ጉዳዩ ለክልሉ ገቢዎች የተተወ ነው፤ ውሳኔውም ከወረዳ ወረዳ ይለያያል። ማዶ ያለው ነጋዴ የሚያጉረመርመውም በዚህ መለያየት ነው። እሱ ሕጉን በአንድ መልክ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ለደብሩ ሲሆን ግን ሕጉ እንደ ሹሙ ይተረጎማል።

የኔ አቋም ይህ ነው። ሙዳየ ምጽዋቱን፣ ስለቱንና መዋጮውን መንግሥት ሊነካው አይገባም። ያ ገንዘብ ሰጪው ግብሩን ከፍሎበት የተረፈው ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑም ሲሚንቶ ሲገዛ እንደገና ይከፍልበታል። በገበያ ዋጋ የሚከራይ ሱቅና በኪሎ የሚያስከፍል ወፍጮ ግን ከጎረቤቱ ጋር በእኩል ሚዛን መቆም አለበት። ይህን የምለው ቤተ ክርስቲያንን ለመጫን አይደለም። ደብሩ አጠገቡ ካለው ደሃ ነጋዴ በዋጋ የሚሻል ሱቅ ይዞ፣ ነጋዴው ደግሞ በዚያው ደብር የሚያስቀድስ ምእመን ሆኖ እያለ፣ ጉርምርምታው ቅጥሩ ውስጥ ገብቶ ቅዳሴው ላይ መቆሙ ስለማይቀር ነው።

እንዲህ ዓይነቱን ነገር የሚያባብሰው ደግሞ ግብሩ ሳይሆን የሒሳቡ መሸፋፈን ነው። በብዙ ደብር የሱቅ ኪራይና የምጽዋት ገንዘብ በአንድ መዝገብ፣ አንዳንዴም በአንድ ኪስ ውስጥ ይደባለቃል። ሲደባለቅ ነፃ የሆነው ገንዘብ ከማይሆነው ጋር ይጠረጠራል፤ ገቢዎች ቢመጣም የትኛው የትኛው እንደሆነ ማሳየት አይቻልም። ቃለ ዓዋዲው ራሱ ገቢ በደረሰኝ እንዲሰበሰብና ሒሳቡ እንዲመረመር ያዝዛል። ሕጉ ከመንግሥት ሳይመጣ ከቤተ ክርስቲያን ነው የመጣው።

ሰበካ ጉባኤ ውስጥ ያላችሁ አባቶችና ወንድሞች፣ ሐምሌ ሳይደርስ የኪራዩን ሒሳብ ከምጽዋቱ ለይታችሁ በተለየ መዝገብ አስቀምጡት። ከዚያም የኪራይ ውሉን ይዛችሁ ወረዳ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ሂዱና «ይህ ይገበርበታል ወይስ አይገበርበትም?» ብላችሁ በደብዳቤ ጠይቁ፤ መልሱንም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፣ በማኅተም ተቀበሉ። ይገበራል ካሏችሁ ገብራችሁ ደረሰኙን ለምእመኑ አሳዩ፤ አይገበርም ካሏችሁም ደብዳቤውን ደጀ ሰላሙ ላይ ለጥፉት።